ሞዴል ባቡርና የልኬት ትምህርት

ሞዴል ባቡር ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በምንጣፍ ላይ እየዞረ የሚያፏጭ የልጅ መጫወቻ ነው። እኔም በመልካሳ ሳድግ የመጀመሪያው ባቡሬ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራ፣ መንኰራኵሩ የጠርሙስ ክዳን የሆነ፣ በመስኖ ቦይ ዳር በገመድ የሚጐተት ነበር። ሐዲድ አልነበረውም፤ ምድር ባቡሩ በአዳማ እንጂ በመልካሳ አላለፈምና ጕድለቱን የሚነግረን ሰው አልተገኘም። ይሁን እንጂ ነገሩ ትልልቅ ሰዎች በማኅበር ሆነው የሚሠሩት የልኬት ሥራ ነው፤ የለንደኑ የሞዴል ባቡር ክበብ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1910 ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ልኬቱ ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት መጠን 1 ለ87 ሲሆን፣ በዚህ መጠን ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ የእኛን መሥመር እንለካው። በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለ87 ሲካፈል 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከአዳማ ወደ መልካሳ የሚወስደውን መንገድ ከግማሽ በላይ ይበላል። ከባሕር ጠረፍ እስከ አዲስ አበባ ያለው ዳገትም ከ26 ሜትር በላይ ስለሚሆን፣ ገበታችንን የምናስቀምጠው በአንድ ፎቅ ቤት ደረጃዎች ላይ ነው ማለት ነው! አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ እንኳ 2 ሜትር ከ44 ርዝመት ይዞ የሚችለው 212 ሜትር መሬት ብቻ ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሁሉ የሚተወውን መምረጥ ግዴታው ነው። ታሪክ ጸሐፊውም ከዚህ የተለየ ነገር የሚያደርግ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የሐዲዱ ስፋት ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ1 ለ87 መጠን 1,435 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ስፋት ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ግን 1 ሜትር ስለ ነበረ 12 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ ይፈልጋል። ይህም የሚገኘው ለስዊስ የተራራ ባቡሮች ሞዴል ተብሎ ከተሠራው ነው። አዲሱን መሥመር በገንዘብ መግዛት ይቻላል፤ የአያቶቻችንን ግን በእጅ ካልሆነ ማግኘት ያስቸግራል።

መጠምዘዣውም ያስተምራል። በገበታ ላይ በተለምዶ 36 ሳንቲ ሜትር ሬዲየስ ያለው መጠምዘዣ ይሠራል፤ በእውነተኛው ልክ 31 ሜትር ብቻ ነው። አሻንጉሊቱ በሙሉ ፍጥነት ገብቶ ይወጣል። እውነተኛው ባቡር ግን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ መጠምዘዣ ቢገባ ምን እንደሚሆን በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ ታይቷል፤ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ባቡሩን በፍጥነት መንዳት አስጠልቶኛል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ባጭሩ ልናገር። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ 12 ቮልት ያስተላልፋሉ። ሐዲዱ ዞሮ በራሱ ላይ ተመልሶ ከተጋጠመ ግን ፖዘቲቩ ከኔጋቲቩ ይገናኝና ሾርት ይፈጥራል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን የሰፈሩን ግማሽ ቤት በጨለማ ካስቀመጥን በኋላ ነው። መድኃኒቱ ሐዲዱን በክፍል በክፍል ቆርጦ ለየብቻው መቈጣጠር ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1946 ባቋቋሙት ክበብ፣ አንዳንዶቹ ከገበታው በላይ ተራራና ቤት ሲቀቡ ሌሎቹ ከገበታው በታች ተኝተው በስልክ ሪሌዎች ይህንኑ ያቀናብሩ ነበር፤ ከእነዚሁም ውስጥ ወደ ኮምፒዩተር ሥራ የገቡ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ክረምት የአዳማን ጣቢያ በአሮጌው ዘመን እንደ ነበረ ለመሥራት ጀምረን፣ መልካሳ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መጥተው እንዲያዩልን ለመንን። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚያው ጣቢያ ነው። ከገበታው ፊት ብዙ ከቆሙ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ውኃው የታለ?» አሉን።

«የምን ውኃ፣ አባባ?»

«ይኼ በእንፋሎት የሚሄድ አይደለም? ታዲያ የት ሊጠጣ ነው?»

ሦስታችንም ተያየን። የቀለሙን ዓይነት ስንከራከር ሁለት ሳምንት የፈጀን ሰዎች የውኃ ማጠራቀሚያውን ረስተነው ነበር። አዛውንቱ ቁጭ ብለው በካርቶን ላይ በከሰል ይሥሉልን ጀመር፤ የሐዲዱን መቀየሪያ፣ የጭነቱን ቤት፣ የሻይ ሻጮቹን ቦታ። ከማጠራቀሚያው ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። ከቢሮው በስተቀኝ ነበር ወይስ በስተግራ? ሁለት ጊዜ ሥለው ሁለት ጊዜ አጠፉት። «ይህን የሚያውቀው ጓደኛዬ ነበር፤ አምና ቀበርነው» አሉን።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ አሮጌው ባቡር መመላለሱን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ከእናንተ መካከል ዘመዱ በአዳማ፣ በወለንጪቲ ወይም በመተሐራ ጣቢያ የሠራ፣ ወይም በቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ ያለው ቢኖር ይንገረን። እኛ ቅዳሜ ሜትርና እርሳስ ይዘን ወደ መልካሳ እንመለሳለን፤ በገበታው ላይ ከቢሮው ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ቦታ ትተናል።