ብቻውን የሚኖር የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እጁንና እግሩን ስለ መጠበቁ

ሥጋ ደዌ የሚባለው ሕመም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የታወቀው ስሙ ነው እንጂ ጠባዩ አይደለም። ብዙ ሰው ይህ ደዌ ነቀዝ እህልን እንደሚበላ ጣትን እየበላ የሚጨርስ ይመስለዋል። ስለዚህም ጣቱ ያጠረ ሰው ባየ ጊዜ ደዌው በላው ይላል፤ ሕመምተኛውም ራሱ ይህንኑ አምኖ፥ የሚበላኝን ነገር በምን እከለክለዋለሁ እያለ ተስፋ ቈርጦ ይቀመጣል። እውነቱ ግን እንደዚህ አይደለም። ደዌው በተለይ የሚጎዳው ቈዳንና፥ ሐኪሞች ነርቭ የሚሉትን፥ ሙቀትን፥ መዳሰስንና ሕመምን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ቀጭን ጅማት ነው። ጣትን የሚያሳጥረው የጋለ ጀበና፥ እሾህ፥ ጠጠር፥ የጠበበ ጫማና አይጥ ነው። ከነዚህ የተነሣ የቈሰለው ሥፍራ ስላላመመ ሳይታይ ይቈያል፤ ያመረቅዛል፤ ምርቀዛውም እስከ አጥንት ይደርሳል፤ አጥንቱም እየተበላሸ ሲያልቅ ጣቱ ያጥራል። እነዚህንም ሁሉ በጥንቃቄ መከልከል ይቻላል።

ሕመምተኛውን ቆማጣ ብሎ መጥራት ስድብ ስለ ሆነ ሊቀር የሚገባው ነው፤ ሆኖም የቃሉን ሥር ለሚያስተውል ሰው ነገሩ ይገለጥለታል። አጭር ሱሪ ቁምጣ እንደሚባል፥ ይህም ስም ማጠርን ያመለክታል። እንግዲህ ሕዝቡ ደዌውን የሰየመው ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው ነው፤ ወደዚያ መጨረሻ ግን ሁሉ ሰው መድረስ የለበትም።

የደዌው ምክንያት በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን ያገኘው በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ የነበረ ሐንሰን የተባለ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር 1873 ነበረ። ስለዚህ በዘር የሚወረስ፥ በእርግማንም የሚመጣ አይደለም። የብዙው ሰው ሰውነት ተሕዋሲውን ያሸንፈዋል፤ በመንገድ ላይ እጅ በመጨባበጥም የሚያዝ የለም። በ1981 ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መድኃኒቶች ባንድነት እንዲሰጡ መከረ፤ ከ1995 ዓመት ጀምሮም መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ይታደላል። ምልክቱ ጥቂት ለሆነበት ሰው 6 ወር፥ ለበዛበት 12 ወር መዋጥ ነው፤ መዋጥ ከጀመረም በኋላ ጥቂት ጊዜ ሲያልፍ ደዌውን ወደ ሌላ ማስተላለፉ ይቀራል። በአዲስ አበባ በኛ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ለዚሁ ሕክምናና ለሐኪሞች ማስተማሪያ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን መድኃኒቱን ለመቀበል እስከዚያ መሄድ አያሻም፤ በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋራ ሊወስድ ይችላል እንጂ፥ ስለ አንዱ ሌላውን ማቋረጥ አይገባውም።

መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይገድላል እንጂ፥ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን ነርቭ አያስነሣም። ስለዚህ ከደዌው ፈጽመው የዳኑ፥ እጃቸውና እግራቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የማይሰማ ሰዎች በየመንደሩ አሉ። ይህ ትምህርት ይልቁንም ስለ እነርሱ ነው።

ጣት የሚያልቀው በጉዳት መሆኑን አጥብቆ የመረመረ ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። እርሱ ከ1946 ዓመት ጀምሮ በሕንድ አገር ቬሎር በምትባል ከተማ ሲሠራ፥ ሕመምተኞቹ ቀን ከሌት የሚያደርጉትን ይከታተል ነበር። አንዱ የጋለ ዕቃ በባዶ እጁ ሲያነሣ፥ ሌላው የዛገ ቍልፍ ጣቱ እስኪሰነጠቅ ድረስ ሲያዞር ታየ፤ አንዳቸውም አልተሰማቸውም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን፥ ማታ ደኅና ሆነው የተኙ ሰዎች ጠዋት ከጣታቸው ሥጋ ጎድሎ መገኘቱ ነበር። ሌሊት ሲጠበቅ አይጥ መጥቶ የተኛውን ሰው ጣት ሲበላ ተገኘ፤ ሰውየው ግን አልነቃም። ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሕመምተኛ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። ድመት ከመድኃኒት ጋራ መቈጠሯ የሚያስቅ ቢመስልም፥ ለእንደዚህ ያለ ሰው ከብዙ ቅባት ትበልጣለች።

ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው። ጤነኛ ሰው እሳት ሲነካው ሳያስብ እጁን ይሰበስባል፤ እሾህ ሲወጋው ያነክሳል፤ ማነከሱም ለቈሰለው እግር ዕረፍት ይሰጣል። ዘበኛው የሞተበት ሰው ከቤተ ሰቡ ጋራ ቢኖር የሌሎች ዓይን ይጠብቀዋል፤ እጅህ ተቃጠለ፥ እግርህ ደማ የሚለው አያጣም። ብቻውን የሚኖር ግን ይህ ሁሉ የለውምና፥ በሕመም ፈንታ የገዛ ዓይኑን፥ በሰው ፈንታም የቤቱን ሥርዓት ዘበኛ ማድረግ አለበት። ለምሳሌ ከደዌው የዳነች፥ ልጆቿ የራቁባት፥ እጇና እግሯ የማይሰማ አንዲት ባልቴት በገጠር ብቻዋን የምትኖር ትታሰብ።

የዚህች ሴት የመጀመሪያ ጠላት ምድጃዋ ነው። ጀበናውን ስታነሣ መቃጠሏን የምታውቀው ቈዳዋ ሲሸት ነውና፥ በረደ ብላ ብታስብም እንኳ ከእሳት አጠገብ ያለውን ዕቃ በባዶ እጅ ከቶ አታንሣ። ከአሮጌ ጋቢ ሁለት ወፍራም መያዣ ጨርቅ ይሰፋላት፤ እርሱም ከምድጃው በላይ በችንካር ይሰቀል፤ በዓይን ፊት የሌለ ነገር ይረሳልና። የአክንባሎውና የድስቱ መያዣ በጨርቅ ይጠምጠም፤ ማማሰያውና ጭልፋው እጀታው ረዥም እንጨት ይሁን፤ ማገዶውንም በእጅ ሳይሆን በመቈስቈሻ ትግፋ። መሬት ላይ በሦስት ጕልቻ ከሚነድ እሳት ይልቅ በጭቃ ተሠርቶ ከፍ ያለ ምድጃ ይሻላታል፤ ጐንበስ ስትል የነጠላዋ ጫፍ እሳት እንዳይነካ፥ ተንገዳግዳም ብትወድቅ ፍም ላይ እንዳታርፍ ነው። የመታጠቢያ ውሃ ሙቀቱን በጣት ሳይሆን በክርን ይለካ። ነገር ግን ክርኗም ይሰማት እንደ ሆነ አስቀድሞ ዓይኗን ጨፍና ሌላ ሰው በላባ ጫፍ ነክቶ ይመርምር።

እሳት ባይኖርም እጅ ይጎዳል። የማይሰማ እጅ የያዘውን ነገር ምን ያህል እንደ ጨበጠ ስለማያውቅ ከሚገባው በላይ ይጨብጣል፤ በዘነዘናና በማጭድ፥ በወፍጮም መጅ መዳፉ ይላጣል። እጀታው ሁሉ በጨርቅ ወፍሮ ይጠምጠም። ደግሞም አንድ ሥራ ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ መሥራት ቀርቶ ጥቂት መፍጨት፥ ጥቂት መልቀም፥ ጥቂት መፍተል ይሻላል። ሥራ በለወጠች ቍጥር መዳፏን ትመልከት፤ የቀላ ወይም ከሌላው ይልቅ የሞቀ ሥፍራ ካየች ሊቈስል የተዘጋጀ ነውና ያ እጅ በዚያን ቀን ይረፍ።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። በደጋ አገር ብርድ ሲጠና ሰው እግሩን ወደ ረመጥ ዘርግቶ መተኛት ልማዱ ነው፤ ጤነኛው ሲሞቀው ይሰበስባል፤ እርሷ ግን ጠዋት እግሯን ውሃ ቋጥሮ ታገኘዋለች። ስለዚህ መኝታዋ ከምድጃው ይራቅ፤ እግሯም በሱፍ ካልሲ ወይም በጋቢ ይጠቅለል፤ ፍሙም በአመድ ይዳፈን። ኩራዙ ከመተኛቷ በፊት ይጥፋ። እህሉ በተከደነ ጎታ ይሁን እንጂ ከአልጋ ሥር አይቀመጥ፤ የወጥ ሽታ ያለበት እጅ አይጥን ይጠራልና ከእራት በኋላ ታጥቦ፥ ጠበቅ ሳይል በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። የድመቲቱም ነገር አይረሳ።

እግርን በተመለከተ ሥራው ብዙ ነው፤ ጊዜውም ማታ ነው። ወገቧ የማይታጠፍላት እንደ ሆነ ትንሽ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጣ ውስጥ እግሯን በብርሃን ትይ። ከዚያ በኋላ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘፍዝፍ፤ የደነደነውን ቈዳ በሻካራ ድንጋይ ቀስ ብላ ትፈግፍግ፤ ምላጭ ግን ከቶ አታስነካው። እርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት ትቀባ፤ የደረቀ ቈዳ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ቍስል ይገባልና።

ጫማ ለእርሷ ጌጥ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ታቹ እሾህ የማያሳልፍ ጠንካራ፥ ውስጡ ለስላሳ፥ ምስማር የሌለው፥ ከተረከዙም በጠፍር የሚያዝ ይሁን፤ ከኋላ ክፍት የሆነው የፕላስቲክ ጫማ ከማይሰማ እግር ሳይታወቅ ወልቆ ይቀራል። ከማጥለቋ በፊት ታራግፈው፤ ውስጡንም በእጇ ሳይሆን በዓይኗ ትመርምር። አዲስ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ አይደረግ።

እግሯ የቈሰለ እንደ ሆነ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርሱም አለመርገጥ ነው። ቅባትና ጨርቅ ቍስሉን ንጹሕ ያደርጉታል፤ የሚያድነው ግን ዕረፍት ነው። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ግን ውሃ ማን ይቀዳላታል? እንጨትስ ማን ያመጣላታል? ቍስሉ አያማትምና እንስራዋን አዝላ ትሄዳለች፤ በየርምጃዋም ቍስሉ ይጠልቃል፤ በመጨረሻም እግሯ የሚቈረጠው በደዌው ሳይሆን በውሃው መንገድ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ ጥንቃቄዋ ያበቃል፤ የመንደሩ ሥራ ይጀምራል። አንድ የእግር ቍስል ዕረፍት ካገኘ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይድናል። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ተክሎ፥ እንጀራ ሰብስቦ፥ ሦስት ቀን የሚቀመጥ እድር፥ በሕይወት ላለች አባሉ ለጥቂት ሳምንት ውሃ በተራ ማስቀዳት አያቅተውም። ሽማግሌዎች ይህን የሚወስኑት ቍስሉ ከመጣ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ቢሆን ይሻላል፤ ተራው የማን እንደ ሆነም በስም ይጻፍ።

ዓይንም እንደዚሁ ጥበቃ ይሻል። ደዌው የዓይንን ሽፋን የሚዘጋውን ነርቭ የጎዳው እንደ ሆነ ዓይን ሳይከደን ያድራል፤ አቧራ ሲገባበትም አይሰማም። ቀን ሰፊ ባርኔጣ ማድረግ፥ እያሰቡ ደጋግሞ ዓይንን መጨፈን፥ ሌሊት በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፥ ጠዋት በመስታወት ቅላቱን ማየት ያስፈልጋል።

የመምህሩ ድርሻ ቀላል ቢሆንም ብዙ ይጠቅማል። ወደ ትምህርት ቤት በዚያ በኩል የሚያልፍ አንድ ተማሪ ጠዋት ጠዋት ጢሱ መውጣቱንና በሩ መከፈቱን ይይ፤ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ በሩ እንደ ተዘጋ ከሆነ ለጎረቤት ይንገር። ቅዳሜ ቅዳሜም መምህሩ ራሱ ቢሄድ፥ «እማማ፥ ዛሬ እግርዎን አይተዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ እርሷም «አየሁት፥ ልጄ» ብትለው፥ «እስኪ እኔም ልየው» ይበል። ብዙ ሰው አየሁ የሚለው ጠያቂውን ላለማስቸገር ነውና። በተማሪዎቹ ፊት ከቤቷ ገብቶ ቡና ቢጠጣ ደግሞ፥ ስለ መተላለፍ ከሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ይልቅ ይህ ይታመናል።

ከዚህ ሁሉ ጋራ አንድ አጣዳፊ ነገር አለ። መድኃኒት በሚወሰድበት ጊዜ፥ አንዳንዴም ካለቀ ከብዙ ወር በኋላ፥ በቈዳ ላይ ያለው ምልክት በድንገት ሊቀላና ሊያብጥ፥ የክርን ወይም የቍርጭምጭሚት ጅማት ሊያም፥ እጅ ሊዝል፥ ዓይን ሊቀላና ሊያም ይችላል። ይህ መድኃኒቱ ያመጣው ክፋት አይደለምና ኪኒኑን ማቋረጥ አይገባም፤ ሰውነት ከተሕዋሲው ጋራ ሲዋጋ የሚያደርገው ነው። ሥፍራውን በጋለ ብረት መተኰስም አዲስ ቍስል ከመጨመር በቀር የሚረባው የለም። ነርቩ ከደከመ 6 ወር ሳይሞላው በጤና ጣቢያ የታከመ ሰው፥ የጠፋበት ስሜትና ኀይል ሊመለስለት ይችላል፤ ከዚያ በላይ የዘገየ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስለትም። ስለዚህ ምልክቱ በታየ ማግሥት መሄድ ይገባል። ሽማግሌዎችም የማን በቅሎ እንደምትጫን፥ ማን አብሮ እንደሚሄድ፥ እርሷ እስክትመለስ ድረስ ዶሮዎቿን ማን እንደሚመግብ ዛሬውኑ ይነጋገሩ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ሕክምናን ከምትቀርባቸው ምክንያቶች አንዱ ቤቷን የሚጠብቅላት ማጣቷ ነውና።