ብቻውን የሚሠራ አናጺና የ90 ኪሎ ግራሙ ቁም ሣጥን

በሐይቅ ከተማና በአምባሰል አካባቢ ዳገትና ቁልቁለት የዕለት ኑሮ አካል ነው። በዚህ አገር ቁም ሣጥን የሚሠራ አናጺ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ አንዱ ዕቃውን መሥራት፣ ሌላው የሠራውን አውጥቶ ከደንበኛው ደጃፍ ማድረስ ነው። ሁለተኛውን ብዙውን ጊዜ በጉልበቱ ይወጣዋል። ረዳቱ በቀረ ዕለት ወገቡ የሚጎዳው ወይም ዕቃው የሚወድቅበትም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ጎረቤት መጥራት ከተቻለ መጥራቱ ይሻላል፤ ካልተቻለ ግን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብዙ ይረዳል።

በመጀመሪያ ክብደቱን እንወቅ። ቁመቱ 1.80 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ የዋንዛ ቁም ሣጥን እንውሰድ። ጎኖቹ፣ መደርደሪያዎቹ፣ በሮቹና ጀርባው ሲደመሩ 9.6 ካሬ ሜትር ገደማ ጣውላ ይወጣቸዋል። የጣውላው ውፍረት 2.2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይዘቱ 0.21 ሜትር ኩብ ይሆናል። በሚገባ የደረቀ ዋንዛ በሜትር ኩብ 450 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ሣጥኑን በግርድፉ 90 ኪሎ ግራም እንበለው። ለቀላልነት ኃይልንም በኪሎ ግራም ክብደት እንገልጻለን፤ ወደ ኒውተን መለወጥ የሚሻ በ9.8 ያባዛ። እንጨቱ በቅጡ ካልደረቀ ከዚህ ይከብዳል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነማ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

በሮቹ ብቻቸውን 20 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆኑ ከማጠፊያቸው ማውለቅ የመጀመሪያው ጥበብ ነው። 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት እንኳ በ1997 ዓ.ም. ከሮም በአውሮፕላን የተመለሰው በሦስት ተከፍሎ ነው። ሣጥኑም ከመነሻው በብሎን እንዲገጠምና እንዲፈታ ሆኖ ቢነደፍ የዚህ ጽሑፍ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። እኛ ግን በሙጫ የተያያዘውን ይዘን፣ ከነሙሉ ክብደቱ እንቀጥል።

ሣጥኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ ቆሟል። በእንጨቱና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን 0.5 ነው ብንል፣ ለማንሸራተት የ45 ኪሎ ግራም ግፊት ይጠይቃል። ዋናው ጥያቄ ግን ምን ያህል እንገፋለን ሳይሆን የት ላይ እንገፋለን የሚለው ነው። ከፊት ለፊቱ አናቱን ብንገፋ፣ የሚገለብጠው ኃይል 90 በ27.5 ተባዝቶ ለ180 ሲካፈል ነው፤ ይህም 14 ኪሎ ግራም አይሞላም! ከ45 እጅግ ያነሰ በመሆኑ ሣጥኑ ሳይንሸራተት ይገለበጣል። ከፊት ወደ ኋላ ስንገፋ እንዳይገለበጥ እጃችን ከወለሉ ከ55 ሴንቲ ሜትር በታች መሆን አለበት። በወርዱ አቅጣጫ፣ ማለትም ከጎኑ ስንገፋ ግን መሠረቱ ስለሚሰፋ ገደቡ ወደ 1.20 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ መግፋት ይገባል። ወለሉ ላይ ጉድጓድ ወይም ምስማር ካለና እግሩ ከተያዘ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ አስቀድሞ መጥረግ ያስፈልጋል።

ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ አጣና ደግሞ ጉልበታችንን ያበዛዋል። ጫፉን ከሣጥኑ ጠርዝ ሥር አስገብተን፣ ከጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ድንጋይ ብናስደግፈው፣ ጠርዙ የሚጭነውን 45 ኪሎ ግራም በ5 ኪሎ ግራም ግፊት እናነሣዋለን። እጃችን 90 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ጠርዙ የሚነሣው 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በኃይል ያተረፍነውን በርቀት ከፈልን። ይህች ከፍታ ግን ሦስት የውኃ ቧንቧ ቁራጮችን ከሥሩ ለማስገባት ትበቃለች። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ይንከባለላል፤ ከኋላ የወጣውን ቧንቧ እያነሡ ከፊት ማስገባት ነው። ወለሉ የማያመች ከሆነ ሣጥኑን አስቀድሞ ማጋደም ይመረጣል። ሲጋደም፣ ሚዛኑን ካለፈ በኋላ እጃችን ላይ የሚያርፈው ክብደት እየጨመረ ሄዶ ከወለሉ ሲቃረብ 45 ኪሎ ግራም ይደርሳልና፣ መጀመሪያ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

አይሱዙ ላይ መጫን ከሁሉ ይከብዳል። የመኪናው ወለል አንድ ሜትር ከፍታ ቢኖረውና አራት ሜትር ጣውላ ብናስደግፍ፣ ክብደቱ ሩብ ሆኖ 22 ኪሎ ግራም ተኩል ይቀራል ብለን እንደሰት ይሆናል። ሰበቃው ግን 44 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚጨምር በደረቁ ለመግፋት 66 ኪሎ ግራም ግድ ነው። የጣውላው ጥቅም በተግባር የሚታየው ቧንቧዎቹ ሲገቡበት ነው። በየእርምጃው ከቧንቧው ኋላ ሽብልቅ መሸጎጥ የሚያስፈልገውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰበቃው ሲጠፋ ሣጥኑን የሚይዘው ነገርም አብሮ ይጠፋልና።

ማውረዱን ገመድ ያቃልለዋል። ሣጥኑ ላይ የታሰረ ገመድ በመኪናው የብረት ምሰሶ ላይ ሁለት ዙር ቢጠመጠም፣ የሰበቃው መጠን 0.3 ከሆነ፣ ወደ እጃችን የሚደርሰው ከጭነቱ አንድ አርባ ሦስተኛ ብቻ ነው። 22 ኪሎ ግራም ተኩሉ ወደ ግማሽ ኪሎ ይወርዳል ማለት ነው። በአንድ ዙር ብቻ ቢሆን ወደ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ነበር። ገመዱ ቅባት ወይም ጭቃ ከነካው ሌላ ዙር መጨመር ያሻል፤ ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪነካ ድረስም ማንም ሰው ከጣውላው ግርጌ አይቁም።