«ኬ ዴሳዩናስ?» - ስለ ቁርስ በስፓኝኛ መነጋገር

ስፓኝኛ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በ1970ዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው፣ «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» በሚባለው የወጣቶች ደሴት በዚሁ ቋንቋ ተምረዋል። ዛሬ የምናየው ከጀማሪ ትምህርቶች አንዱን፣ ስለ ቁርስ ልማድ መናገርን ነው።

እኛ «ቁርስ መብላት» የምንለውን ስፓኝኛ በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል፤ «ዴሳዩናር» ይለዋል። «ዴሳዩኖ» ማለት «ቁርስ እበላለሁ» ነው፤ «ኤል ዴሳዩኖ» ሲሆን ደግሞ ራሱ ቁርሱ። በውስጡ ያለው «አዩኖ» ጾም ማለት ነው። እነሱ ጾሙን ያፈርሳሉ፣ እኛ ዳቦውን እንቆርሳለን!

ልማድን ለመናገር የአሁን ጊዜ ግሥ ይበቃል፦ «ፖር ላ ማኛና ዴሳዩኖ ፓን ኮን ቴ» - ጧት ጧት ዳቦ በሻይ እበላለሁ። ታዲያ ወሎ ሰፈር ቁርስ ቤት ገብቶ ጨጨብሳ ወይም ፍርፍር የሚያዝ ሰው ምን ይበል? ስሙን እንዳለ ይጥራው፤ ጣሊያንም ፓስታውን አልተረጐመልንም። «ዴሳዩኖ ፍርፍር» ብሎ ከምን እንደሚሠራ ቢያስረዳ ጥሩ ልምምድ ይሆነዋል።

ዋናው እንቅፋት ሰዓት ነው። ጧት አንድ ሰዓት ላይ የሚበላ ሠልጣኝ ቃል በቃል «ዴሳዩኖ አ ላ ኡና» ካለ፣ ሰሚው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሰነፍ አድርጎ ይቈጥረዋል። በእነሱ አቈጣጠር 7 ስለሆነ «አ ላስ ሲዬቴ» ማለት አለበት። ከጧቱ ሰዓታችን ላይ ስድስት መደመር ነው። ደግሞም ከአንድ ሰዓት በስተቀር ሁሉም ሰዓት በብዙ ቍጥር «ላስ» ይባላል።

የሚጾምስ? «ሎስ ሚዬርኮሌስ ኢ ሎስ ቢዬርኔስ ኖ ዴሳዩኖ» ይላል። እዚህ ላይ «ሎስ» የሚሠራው፣ እኛ «ረቡዕ ረቡዕ፣ ዓርብ ዓርብ» ብለን ቃሉን በመድገም የምንሠራውን ነው። ይህን አንዴ ካሳያችኋቸው ተማሪዎች አይረሱትም።

አሁን ወደ መምህሩ እንምጣ። ይህ ትምህርት በማንኛውም ቋንቋ ሲሰጥ «ዛሬ ቁርስ ምን በላህ?» ብሎ ልጆቹን በተራ ማስነሣት የተለመደ ነው። ነገር ግን ሳይበላ የመጣ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ እኮ! በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ የሚቀርበው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ በጓደኞቹ ፊት ወይ ይዋሻል፣ ወይ ያፍራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ግሡ ምንም አይሰማም።

ስለዚህ ጥያቄው በሥዕል ላይ ስላለ ሰው ይሁን፦ «ኬ ዴሳዩና ማሪያ?» ማሪያ ምን ትበላለች? ስለ ራሱ መናገር የሚፈልግ እጁን ያውጣ። «ኖ ዴሳዩኖ» የሚለውንም ከ«ዴሳዩኖ» እኩል፣ በመጀመሪያው ቀን አስተምሩ። «አልበላም» ያለውን ልጅ ግን «ለምን?» አትበሉት፤ ወደሚቀጥለው ተማሪ እለፉ።