ጅራቱን ሳያዩ ስም አያውጡለት

አንድ ጠዋት በዋሽንግተን ዲሲ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው አፓርታማዬ ቡና ሳፈላ ከጨው ውኃው ገንዳ «ቋ! ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሁለት ቀንድ አውጣዎቼ ቅርፊታቸው ተፈረካክሷል። የሰበራቸው ለገንዳው ከገዛሁት የባሕር ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ የመጣ ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባል፣ በክንዱ እየመታ ቅርፊት የሚሰብር የባሕር እንስሳ ነበር። ድንጋዩን የሸጠልኝ ሰው ፎቶውን አይቶ «ፒኮክ ነው» አለኝ። አልነበረም።

አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ ፒኮክ ማለት የተለመደ ነው። የማንቲስ ሽሪምፕ ዝርያዎች ግን ከ450 ይበልጣሉ፤ የአንዱ ዝርያ ቀለም ራሱ እንደሚኖርበት ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ከቀለም አይጀምሩ።

መጀመሪያ የመጣበትን ባሕር ይጠይቁ፤ መልሱንም ይጻፉት። የእኔ ድንጋይ የፍሎሪዳ ነው። ፒኮክ፣ በሳይንስ ስሙ ኦዶንቶዳክቲለስ ሲላረስ፣ የሕንድ ውቅያኖስና የምዕራብ ፓስፊክ እንስሳ ስለሆነ በዚህ ጥያቄ ብቻ ወደቀ። ከፍሎሪዳ ድንጋይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ኒዎጎኖዳክቲለስ ከሚባለው ወገን ነው።

ቀጥሎ ፎቶ ያንሡ። በእጅ አይያዙት፤ ቀንድ አውጣ የሚሰብር ክንድ ለጣት አይራራም። የገንዳውን ሰማያዊ መብራት አጥፍተው በነጭ ብርሃን፣ ከመስታወቱ ውጭ ማስመሪያ አስጠግተው ያንሡት። የሚፈለጉት ሁለት ቦታዎች ናቸው፦ በመቺ ክንዱ ውስጠኛ ጎን ያለው ነጥብና ቴልሰን የሚባለው የጅራቱ ጫፍ ሰሌዳ። ጎኖዳክቲለስ ስሚቲ የሚባለው ዝርያ ለምሳሌ ክንዱ ላይ ያለው ነጥብ ሐምራዊ ነው። ጅራቱ ላይ ደግሞ ሸንተረሮቹና እሾሆቹ ይታያሉ፣ ይቆጠራሉ። ሰዎች ግን የሚልኩት የፊቱን ፎቶ ነው፤ ዓይኑ ስለሚያምር ይሆናል።

ጅራቱን አላሳይ ካለ ቅርፊቱን እስኪጥል ይጠብቁ። የጣለውን ቶሎ ያውጡና አልኮል ውስጥ ያስቀምጡት። ቀለሙ አያስተማምንም፤ እሾሁና ሸንተረሩ ግን እንዳለ ይቆያል፤ አይማታም ደግሞ።

አሁን ወደ ምንጮቹ። የበርክሌዩ ሮይ ካልድዌል በተለይ ለገንዳ አርቢዎች ያዘጋጀው የዝርያ ዝርዝር በነጻ ይገኛል፤ ከእሱ ይጀምሩ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወደ ስሙ ወደሚያደርስ መለያ ቁልፍ ይለፉ፦ ለምዕራብ አትላንቲክ ሬይመንድ ማኒንግ በ1969 ያሳተመው፣ ለአውስትራሊያና ለአካባቢው ሼን አህዮንግ በ2001 ያወጣው። የዳህላክ ነገር ለሚያጓጓው፣ በ1962 እና በ1965 ወደ ደቡብ ቀይ ባሕር የሄዱ የእስራኤል ጉዞዎች የሰበሰቧቸውን ማንቲስ ሽሪምፖች ሆልትሁይስ የተባለ ተመራማሪ በ1967 ገልጿቸዋል።

ያገኙትን ስም በዓለም የባሕር ዝርያዎች መዝገብ ያጣሩ። ማኒንግ በ1969ኙ መጽሐፍ ጎኖዳክቲለስ ያላቸውን በርካታ የአትላንቲክ ዝርያዎች በ1995 ራሱ ኒዎጎኖዳክቲለስ ብሏቸዋል፤ የድሮና የአዲስ ስም ያልለየ ሰው አንዱን እንስሳ ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ማኒንግ ይሠራ የነበረው እዚሁ በስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር አርካይቭስ ጣቢያ ወርዶ ጥቂት መራመድ ነው፤ ዩ ስትሪት ላይ ቡና ካላስቀረዎት። መግቢያው ነጻ ነው። አብዛኛው ስብስብ ለእይታ ባይወጣም መዝገቡ በኢንተርኔት ይፈለጋል፤ እያንዳንዱ ናሙና የት እንደተገኘ ስለሚናገር ሻጩ የነገረዎትን ባሕር ማመሳከሪያ ይሆናል።

እርግጠኛ ካልሆኑ በወገኑ ስም ያቁሙ። የእኔ ገንዳ ላይ እስካሁን የተለጠፈው «ኒዎጎኖዳክቲለስ፣ ፍሎሪዳ» ብቻ ነው፤ የሚጥለውን ቅርፊት እየጠበቅሁ ነው።