ገንዘብን በቤት ግንባታ ላይ ስለ ማዋልና ስለ ሥጋቱ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ ሰንብቼ በመጨረሻ የመረጥሁት ርእስ ስለ ቤት ሥራ ነው። ይህን ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ ብነግረው «የሒሳቡን ነው ወይስ የፊዚክሱን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የምለው መምህር የሚሰጠንን የቤት ሥራ ሳይሆን ጣራና ግድግዳ ያለውን ቤት መሥራት ነው፤ ይልቁንም ቤት ሠርቶ ለሚሸጥ ድርጅት ገንዘቡን አስቀድሞ የሚሰጥ ሰው ምን ምን ሥጋት እንደሚጠብቀው ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት አባቴ ጀንፈል ቡናውን ሸጦ ካገኘው ገንዘብ የሚበዛውን፥ በጅማ ከተማ ፎቅ ቤት ሠርቼ እሸጣለሁ ለሚል አንድ ድርጅት ቅድሚያ ክፍያ አድርጎ ሰጠ። ቤቱ በ18 ወር ያልቃል ተብሎ ነበር። ከአጋሮ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለጉዳይ በሄድሁ ቁጥር በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ እስከ ዛሬ የማየው መሠረቱንና ከመሠረቱ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙትን የዛጉ ፌሮዎች ነው። በዚህ ዓመት በጥር ወር ደግሞ ሁለተኛው ክፍያ ይከፈል የሚል ደብዳቤ መጣ። በቤታችን ያለው ገንዘብ ለታላቅ እኅቴ የነርስነት ትምህርት የተቀመጠው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከእራት በኋላ የሚነሣው ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ፤ እኔም ዝም ብሎ ከመስማት ብዬ ጉዳዩን ማጥናት ጀመርሁ።

በውጭ አገር ገንዘባቸውን በልዩ ልዩ ሥራ ላይ የሚያውሉ ሰዎች ትርፍና ኪሳራን ብቻ አያዩም። ሥራው በአፈርና በውኃ፥ በሠራተኛውና በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰውን፥ እንዲሁም ድርጅቱ በማንና እንዴት እንደሚመራ አስቀድመው ይመረምራሉ። እነዚህን ሦስቱን፥ ማለት አካባቢን፥ ማኅበራዊ ኑሮንና አስተዳደርን በአንድነት አያይዞ የመጥራት ልማድ የመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አነሣሽነት ከወጣ አንድ ዘገባ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ በመጀመሪያ ነገሩ የኒው ዮርክና የለንደን ባለጸጎች ጉዳይ እንጂ የእኛ አልመሰለኝም ነበር። ኋላ ግን ሳስበው በአገራችን ብዙ ቤት ሠሪ ድርጅቶች ሥራቸውን የሚያንቀሳቅሱት ገዢው ቤቱ ሳይሠራ በሚከፍለው ገንዘብ ነው። እንግዲያው ዋናው ገንዘብ አውጪ ገዢው ራሱ መሆኑ ነው። አባቴ አክሲዮን የለውም፤ በስብሰባ ድምፅ አይሰጥም፤ ድርጅቱ ቢያተርፍ ከትርፉ አይካፈልም። ኪሳራው ግን ከእርሱ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ እናገራለሁ። የእኛ አገር ዝናብ የማያልቅበት አገር መሆኑን ለአጋሮ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ውኃው ደግሞ የሚወርድበትን መንገድ አይረሳም። በጅማ መካከል የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ በክረምት ሲሞላ ያየ ሰው፥ በወንዝ ዳር ርካሽ ቦታ ተገኘ ሲባል ለምን ርካሽ እንደሆነ ይገባዋል። ሁለተኛው ችግር ጥቁሩ አፈር ነው። ይህ አፈር በጅማ በብዙ ስፍራ ይገኛል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የተሠራውን ቤት እንደ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል ማለት ነው። የጭቃ ቤት በዚህ ብዙም አይጎዳም፤ ማገሩ ይለጠጣል፥ ምርጊቱ ሲረግፍ በጭድና በጭቃ እንደገና ይለሰናል፤ ጠላቱ ምስጥ ነው። የብሎኬትና የአርማታ ቤት ግን ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሐንዲስ አፈሩን መርምሮ ወይ ጥቁሩን አስቆፍሮ ያስወጣል፥ ወይ መሠረቱን ወደ ጠንካራው መሬት ያወርዳል። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ገንዘቡም የሚፈሰው ማንም በማያየው ስፍራ፥ ከመሬት በታች ነው። ለመቆጠብ የሚፈልግ ሠሪ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከዚያ መሆኑን ገምቱ።

በሰፈራችን ያሉ አንድ አረጋዊ ግንበኛ «ቦታ በበጋ አይታይም፤ በሐምሌ ሄደህ ረግጠህ እየው» ይላሉ። እኔ ከሁሉ የተሻለ የአካባቢ ጥናት ያገኘሁት በዚህ ቃል ውስጥ ነው። በሕግም በኩል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አለ፤ አንዳንድ ታላላቅ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት የሚያስከትሉት ጉዳት እንዲጠና ያዝዛል። ቤት በማይገባው ስፍራ ሲሠራ ምን እንደሚደርስ አዲስ አበባ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. አይታለች። በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ ቤቶች ባለ ገንዘብ ያሠራቸው አልነበሩም፤ ድኻ ሌላ ቦታ ሲያጣ የሠራቸው ነበሩ። ነገር ግን መሬት ድኻንና ባለጸጋን መርጦ አይናድም።

ስለ ማኅበራዊው ነገር አጠር አድርጌ ልጻፍ። ለከተማ ቤት የሚሆነው ቦታ ከሰማይ አይወርድም፤ ብዙ ጊዜ ትናንት የገበሬ ማሳ የነበረ ነው። በእኛ በኩል ማሳ ማለት ቡና ነው፤ የቡና ችግኝ ደግሞ ተተክሎ ለፍሬ እስኪደርስ ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። ካሣው ይህን ሳያስብ ከተሰጠ ገበሬው የተነሣው ከቦታው ብቻ ሳይሆን ከዓመታት ገቢው ጭምር ነው። ቂም ባለበት መሬት ላይ የተሠራ ቤት ምን እንደሚገጥመው ያየነው በ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ ለ51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከእነዚህ መካከል በኮዬ ፈጬ የተሠሩት ስለ ነበሩበት በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ሕዝብ ተቃውሞ ወጣ፤ የክልሉም መንግሥት ቤቶቹ ወሰን ተሻግረዋል በማለት ተቃወመ። ዓመታት ቆጥቦ ዕጣ የደረሰው ቤተሰብ በዚህ ውስጥ ምን ጥፋት ነበረው? መሬቱን የለቀቀውስ ገበሬ ምን ጥፋት ነበረው? ሁለቱም ያልተነጋገሩበት ውል ዕዳ ከፋዮች ሆኑ።

ስለ ሠራተኛውም አንድ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ክረምት የደብተር መግዣ ለማግኘት በአንድ ግንባታ ላይ አሸዋና ውኃ ሳመላልስ ነበር። መወጣጫው የባሕር ዛፍ ነበር፤ የታሰረውም በሚስማርና በገመድ ነው። አንድ ቀን እንጨቱ ተንሸራትቶ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። ሥራው ለሁለት ሳምንት ቆመ፤ የተቦካው ሲሚንቶም ያን ዕለት ደርቆ ቀረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የራስ ቁር የሚያስወድድ የመሰለው አሠሪ የሁለት ሳምንት ሥራ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያን ጊዜ ያሰላ አይመስለኝም። ልጁ ግን ያን ዓመት ትምህርቱን አልቀጠለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው፥ ወደ አስተዳደሩ ልመለስ፤ በእኔ አስተያየት ለእኛ ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ጎርፉ ይታያል፥ የተናደደ ሕዝብም ይሰማል፤ የሌላ ሰው ሒሳብ ደብተር ግን ተዘግቶ የሚቀመጥ ነው። በአዲስ አበባ አክሰስ ሪል ስቴት ለተባለው ድርጅት ከ2,000 በላይ ቤት ገዢዎች በ2000ዎቹ ዓመታት ቅድሚያ ከፍለው ነበር፤ ብዙዎቹ ቤታቸውን ሳያገኙ ለረጅም ዓመት ቆዩ፥ ጉዳዩም መንግሥት ኮሚቴ እስከሚያቋቁምበት ድረስ ደረሰ። ይህ የግል ድርጅት ብቻ ጠባይ ነው እንዳንል ደግሞ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ከ25,000 በላይ ለሆኑ የጋራ ቤቶች የወጣው ዕጣ፥ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘና በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በሩቅም አገር ቢሆን እንዲሁ ነው። የቻይናው ኤቨርግራንዴ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. መክፈል አቃተው፤ በጥር 2024 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት ይፍረስ ብሎ ወሰነ። እርሱም ገና ላልተሠራ ቤት ከገዢ አስቀድሞ ይቀበል ነበር። የአንዱን ሕንፃ ገንዘብ ለሌላው መሬት መግዣ ማዋል፥ ያንን ደግሞ በሦስተኛው መሸፈን፤ አዲስ ገዢ የጠፋ ዕለት ሁሉም ባለበት ይቆማል።

በአገራችን ከዚህ ሌላ የሕግ ጠባይ አለ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለማከራየት ብሎ የሠራ ሁሉ በአንድ ቀን ሀብቱን አጣ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ሆኖ ጸንቷል። ቤት ሠሪው የያዘው መሬቱን ሳይሆን ሊዙን ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ግንባታው በተወሰነው ጊዜ ካልተጀመረና ካላለቀ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ ሠሪው በዘገየ ቁጥር የሚያልፈው ጊዜ ብቻ አይደለም፥ አባቴ የከፈለበት ቦታም ሊሄድ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ መውጣቱ መልካም ነው። አባቴ ግን የፈረመው ከዚያ በፊት ነበር።

ዋጋም በመካከል ይለወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ብረትና ሊፍት በዚያው ልክ ይወደዳል። ቀድሞ በብር የተዋዋለ ሠሪ ወይ ገዢውን ጨምር ይለዋል፥ ወይ ያቆማል። እኛ የቡና አገር ሰዎች ደግሞ ከሌላው የተለየ ሥጋት አለብን፤ በአንድ ፎቅ ላይ የተመዘገበው ገዢ ሁሉ የሚከፍለው ከቡና ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ቡና በዓለም ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ሁሉም ቤት ገዢ ሆነ። በ1981 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ሲፈርስ እንደሆነው ዋጋው አንድ ቀን ቢወድቅ ሁሉም በአንድ ወር ክፍያ ያቆማል፤ ቤቱም ሳይጣራ ይቀራል።

ይህን ሁሉ በደብተር ጽፌ አንድ ማታ ለአባቴ አነበብሁለት። እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ «ልጄ፥ ይህን ከሦስት ዓመት በፊት ለምን አላነበብህልኝም?» አለኝ። «አባባ፥ ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርሁ» አልሁት። እናቴ ሳቀች፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ አራት ጥያቄ ብቻ በወረቀት እንድጽፍለት አዘዘኝና ቅዳሜ አብረን ጅማ ወረድን።

በቢሮው ያገኘናት ጸሐፊ ትሑት ልጅ ነበረች። አባቴ «የኔ ልጅ፥ የአፈሩ ምርመራ ወረቀት አለ?» አላት፤ አለ ብላ አወጣችና አሳየችን፥ ማኅተምም ነበረው። የሊዙ ጊዜ መቼ ያልቃል ስንላት ውሉ ያለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ነው አለች። የእኛ ገንዘብ ለዚህ ሕንፃ ብቻ በተለየ ሒሳብ ተቀምጧል ወይ ብለን ስንጠይቅ፥ ድርጅቱ ያለው አንድ ሒሳብ መሆኑን ያለ ምንም ማፈር ነገረችን። አራተኛው ሥራው ለምን እንደቆመ ነበር፤ ለእርሱ የሰጠችን መልስ «ሲሚንቶ» የሚል አንድ ቃል ነው።

አባቴ ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰና «እንግዲህ የአንደኛው ፎቅ ሶሌታ በተሞላ ማግስት እከፍላለሁ፤ ይህን ጻፊልኝ» አላት። ጻፈችለት፥ እርሱም ፈረመ። ውሉ ክፍያውን ላዘገየ ሰው ቅጣት እንዳለው አንብቤ ስለ ነበር ፈርቼ ብነግረው፥ ቅጣቱ ከእኅትህ ትምህርት አይበልጥም አለኝ። እኅቴ በመጋቢት ወር ተመዝግባ ትምህርቷን ጀምራለች። ከድርጅቱ እስካሁን ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ ፌሮዎቹ እንደ ነበሩ ናቸው፤ አንድ ሰው ገመድ አስሮባቸው ልብስ አስጥቶባቸዋል።