በወረርሽኝ ወቅት የመስጊድ ንጽሕና አጠባበቅ

መስጊድ ምእመናን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚቆሙበት፣ በስግደትም ግንባርና አፍንጫቸው ምንጣፍ የሚነካበት ስፍራ ነው። የኮሮና ቫይረስ በትንፋሽና በምራቅ ብናኝ ስለሚተላለፍ፣ መቀራረቡ በተለይ አረጋውያንንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ለአደጋ ያጋልጣል። በ2020 እ.ኤ.አ. በመዲና የሚገኘው የነቢዩ መስጊድ ዳግም ሲከፈት ምንጣፎቹ ተነሥተው በእብነ በረዱ ላይ የተሰገደውም ለጥንቃቄ ሲባል ነው።

ስለሆነም የመስጊድ ኮሚቴዎችና ምእመናን የሚከተሉትን ይተግብሩ፦

• የጋራ ምንጣፍ ይነሣ፤ ሰጋጅ ሁሉ የራሱን መስገጃ ይዞ ይምጣ።
• ውዱእ በተቻለ መጠን በቤት ይደረግ፤ በመስጊድ ከሆነ ሳሙና ይዘጋጅ፣ ፎጣ በጋራ አይገልገሉ።
• ከሶላት በፊት፣ በሶላት ጊዜና ከሶላት በኋላ በሮችና መስኮቶች ይከፈቱ።
• የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻና የጫማ መደርደሪያ በየዕለቱ ይጽዳ፤ በመጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ በውኃ ይለቅለቅ፤ ከዚያም 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይወልወል።
• በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ሊፈጥር ይችላልና።

ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ሰው በቤቱ ይስገድ። አጠገቡ የሚቆመውን ከሕመም የጠበቀ ሰጋጅ የመስጊዱንም ክብር ጠብቋል።