ፍልስፍና ለማን? ለእኔና ለእናንተ!

በዛሬው ጽሑፌ የማነሳላችሁ ርዕስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ግን አትሽሹ፤ እስከ መጨረሻው አብረን እንዝለቅ።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ተሰብስበን ነበር። መምህር ባልሆንም ተማሪዎቹ ቲቸር ይሉኛል። ሰሌዳው ላይ «ፍልስፍና» ብዬ ስጽፍ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፍልስፍና ሥራ ለሌለው ሰው ነው። እኛ ፈተና አለብን» አለ። ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ነው፤ በእኛ አነጋገር «አትፈላሰፍብኝ» ማለት ቀላሉን ነገር አታወሳስብብኝ ማለት ነው።

ከዚያ የጥያቄ ሳጥናችንን ከፈትኩ። ስም የሌለባት አንዲት ወረቀት ወጣች። ጠያቂው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀየር አድርጌ አነበብኩላቸው። «ጓደኛዬ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ለእኔ ብቻ ነገረኝ። አሁን ከማውቃት ልጅ ጋር ፍቅር ጀምሯል። ልንገራት ወይስ ዝም ልበል?»

ሳቁ ቆመ። ግማሹ «ይነገራት!» አለ፤ ግማሹ «ምስጢር ምስጢር ነው!» አለ። እኔም «ለምን?» አልኳቸው። እንግዲህ ፍልስፍና የሚጀምረው እዚች «ለምን» ላይ ነው።

ፍልስፍና ምንድን ነው?

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጥበብን መውደድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴንስ ሞት የተፈረደበት ሶቅራጥስ መጽሐፍ አልጻፈም። ገበያ መሐል እየዞረ «ፍትሕ ምንድን ነው? ጀግንነትስ?» እያለ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቅ ነበር። የፍልስፍና አንዱ ክፍል ሥነ ምግባር ይባላል። «ምን ማድረግ ይገባኛል? ለምንስ?» ብሎ የሚጠይቀው ይህ ክፍል ነው። ይህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ሁላችንም በየቀኑ እንወስናለን። ልዩነቱ አስበን መወሰናችን ወይም ሰው ያለውን መከተላችን ነው።

የእኛው ፈላስፋ

ሩቅ መሄድም አያስፈልገንም። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው «ሐተታ» ባለታሪኩ በአክሱም አካባቢ ከድሃ ገበሬ ቤት እንደተወለደ ይናገራል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረው የሃይማኖት ክርክር ተከሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመትም በዋሻ ኖረ። እዚያ ብቻውን ሆኖ፣ ሰዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ እውነቱን በምን ልለይ ብሎ አሰበ። መልሱ፣ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ነው የሚል ነበር።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን ከዋሻው በኋላ ያለው ነው። እንፍራዝ ሲኖር የአሳዳሪው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን አገባ። ባልና ሚስት በትዳር እኩል ናቸው ብሎ ስላመነም ከእንግዲህ አገልጋይ እንዳትባል ጠየቀ። አያችሁ? ዋሻ ውስጥ ያሰበው ቤቱ ውስጥ ገባ።

መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን የነበረ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራክረዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ማስረጃ እያቀረቡ መከራከር ራሱ ፍልስፍና ነውና አትደንግጡ።

ወደ ወረቀቷ እንመለስ

ከተማሪዎቹ ጋር ሦስት ጥያቄዎች አወጣን።

1ኛ. የማውቀው ምንድን ነው? ኤች አይ ቪ በመጨባበጥ ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ የሚረጋገጠው ግን በላቦራቶሪ እንጂ በመልክ አይደለም። ኮንዶም ደግሞ ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎችም ይከላከላል። ጠያቂው ጓደኛው መድኃኒት ይውሰድ አይውሰድ፣ ለልጅቷ ይንገራት አይንገራት አልጻፈም። ሳያውቅ ሊፈርድ ነበር ማለት ነው።

2ኛ. ማን ይጎዳል? ልጅቷ ስለ ጤናዋ አውቃ የመወሰን መብት አላት። ልጁም ምስጢሩ የመጠበቅ መብት አለው። ሁለቱም እውነተኛ መብቶች ናቸው። ጥያቄው የከበደንም ለዚህ ነው።

3ኛ. እኔ በእሱ ቦታ ብሆንስ? በእሷስ ቦታ? አንዱን ብቻ የጠየቀ ግማሽ መንገድ ነው የሄደው።

የራሴ ጥፋት

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ለተማሪዎቹ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ወጣት ሁኔታውን አምኖ ነገረኝ። አንድ ቀን ቡና ላይ አድልዎና መገለልን ላስተምር ብዬ «እዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ አለ» ብዬ ጀመርኩ። ስሙን አልጠራሁም። ግን የሥራውን ዓይነት ጠቀስኩ፤ ሰውም ወዲያው ለየው። ከዚያ በኋላ ልጁ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ታይቶ መድኃኒቱን መውሰድ አፈረ፤ ለሳምንታት አቋረጠ። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው «ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ፤ ግን አላሰብሽም» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ልመልሰው አልቻልኩም። በኋላ ሌላ ጤና ጣቢያ ሕክምናውን ቀጠለ። ያቺ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ትከተለኛለች። የሶሲዮሎጂ ዲግሪዬ ያላስተማረኝን እሱ አስተማረኝ፤ ቅን ልብ ብቻውን አይበቃም፣ ማሰብም ያስፈልጋል።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ስንቱ ከቤት ኪራይና ከሥራ የተባረረው በቫይረሱ ብቻ ሳይሆን ሳይጠይቅ በሚፈርድ ጎረቤት ነው።

ተማሪዎቹ ምን ወሰኑ?

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጠያቂው መጀመሪያ ራሱን ጓደኛውን በግል እንዲያነጋግረው መከሩ። «ነግረሃታል? ካልሆነ አብሬህ ወደ አማካሪ ልሂድ?» ይበለው። ለሌላ ሰው ግን አይናገር። አንዲት ልጅ «እምቢ ቢልስ?» ብላ ጠየቀች። ያኔ ብቻውን ከሚሸከመው ለጤና ባለሙያ ያማክር አልን። ሁሉም አልተስማማም። እኔም አሁን ድረስ ይከብደኛል። ነገር ግን ስንገባ ጩኸት ነበር፤ ስንወጣ ምክንያት ይዘን ነበር። «ፍልስፍና ሥራ ለሌለው ነው» ያለው ልጅ ከኮሚናሉ መጨረሻ የወጣው እየተከራከረ ነው!

በክበባችሁ ተወያዩ

• ምስጢር መጠበቅ የማይገባበት ጊዜ አለ? ለምን?
• «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» የሚለው በቂ ምክንያት ነው?
• በዚህ ሳምንት ሳታስቡ የወሰናችሁት ነገር ምን ነበር?

በሉ፣ ቸር እንሰንብት!